ምን ሆነህ ነው ብቻህን?

በእኛ አገር መንገድ የሚወጣ ሰው ምክንያት አለው። ለቅሶ ሊደርስ ነው፤ ሰርግ ተጠርቷል፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት፤ ጠበል ሊጠመቅ ነው፤ በሬ ሊሸጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጁ ብርድ ልብስ ሊያደርስ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሌለው ሰው ቤቱ ይቀመጣል። «እንዲሁ አገር ልይ ብዬ ነው» ያለ እንደሆነ ሰሚው በልቡ ያሰላል፦ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ዕዳ አለበት፣ ወይም እውነተኛውን ጉዳይ መናገር አልፈለገም። ፈረንጅ ከሆነ ብቻ ይታለፋል። የፈረንጅ ሥራው ማየት ነው።

ብቻውን የሆነ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብቻውን የሚበላ ሰው በሚታማበት አገር ብቻውን የሚዝናናውን ማን ያምነዋል? ብቸኝነት እኛ ዘንድ የመነኩሴ ነው። መነኩሴውንም ቢሆን ገዳሙ በር ድረስ ሰው ይሸኘዋል።

የባሕር ዳር ሰው ቆጋን የሚያውቀው በአፉ ነው። ገበያ ወጥቶ ድንች ሲመርጥ ሻጯ «የቆጋ ነው!» ትለዋለች፤ ሽንኩርቱም የቆጋ ነው፣ ጥቅል ጎመኑም። የመስኖ ግድብ ያለበት ይህ ቦታ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ መራዊ፣ ከመራዊ ደግሞ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። እንዲህም ሆኖ የቆጋን ድንች ዓመት ከዓመት እየበላ ቆጋን አይቶ የማያውቅ ከተሜ ሞልቷል። ምን ሊያይ ይሂድ? ውሃ እንደሆነ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ጣና ደጃፉ ላይ ተኝቷል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአገር ማየት የተመቸ የሕዝብ ማመላለሻ ከተባለ የሐይቁን መርከብ የሚቀድም አልነበረም። ከባሕር ዳር ተነስታ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን እየነካካች፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድራ ጎርጎራ ትደርስ ነበር። ፈረንጆቹ ከላይ ቆመው ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ያነሳሉ፤ ባላገሩ ከታች ከፍየሉና ከቡና ጆንያው ጋር ሆኖ፣ ፀሐይ መቼም ነገም ትጠልቃለች ብሎ ይተኛል። ነገር ግን መርከብ ላይ መገፋፋት የለም፣ «ጠጋ በሉ» የለም፣ የመልስ ጭቅጭቅ የለም። ጉዞ ልለው ይከብደኛል። እኔ የሚኒባስ ሰው ነኝ።

ከመነሳቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህ የማወራው ጉዞ «አገሩ ሰላም ነው?» ተብሎ መልሱ እስኪሰማ ማንም በማይጠብቅበት ዘመን የተደረገ ነው። ዛሬ ዛሬ መናኸሪያ ላይ «ስንት ነው?» ከመባሉ በፊት «መንገዱ ክፍት ነው?» ይባላል፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለኝም።

የካቲት ነበር። ባሕር ዳር መናኸሪያ ገብቶ «መራዊ» ያለ ሰው እግሩ መሬት አይነካም። አንዱ ቦርሳህን ይይዛል፣ አንዱ ክንድህን፣ ሦስተኛው ምንም የሚይዘው ስላጣ ከኋላ ይገፋሃል። «መራዊ! መራዊ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀራት!» መኪናዋ በእርግጥ ሞልታለች። አንዲት ወንበር ብቻ ቀርታለች፤ እሷም የእኔ ናት። እንዴት ያለ ዕድል ነው ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስገብቼ ቀና ስል ከፊቴ የነበሩት ጎረምሶች አንድ በአንድ ወርደው አልቀዋል። ለካስ ሥራቸው ተሳፋሪ መምሰል ነው። እንደ ተውኔት ከታየ ቀላል ሙያ አይደለም። አንደኛው በተለይ ከረጢት አቅፎ፣ የእጅ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ፣ መዘግየቱ ያበሸቀውን ሰው ሆኖ ይሠራ ነበር። «ኧረ ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ!» ብሎ የጮኸውም እሱ ነው፤ እኔም በልቤ ደግፌው ነበር። ትንሽ ቆይቼ በመስኮት ሳይ የዱርቤቴው መኪና ውስጥ ተቀምጦ እዚያም ሰዓቱን ያያል።

እውነተኛው ሰው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ተጠበቀ። ይህን ሰዓት የሚጠላ ሰው የአገራችንን ትራንስፖርት አያውቀውም ባይ ነኝ። ማስቲካ የሚሸጥ ይመጣል፣ ቆሎ የሚሸጥ ይመጣል፣ ካልሲ የሚሸጥ ይመጣል። ለታመመ ሰው ማሳከሚያ የሚለምን ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለብሶ ይመጣል። ሃይማኖት ሰባኪ ገብቶ ይሰብክና መንፈሳዊ መጽሐፍ ሸጦ ይወርዳል። ቁጭ ባልክበት አገር በሞላው በበሩ ገብቶ ጎብኝቶህ ይወጣል።

ስለ ጋቢና ደግሞ ልንገራችሁ። ጋቢና ማዕረግ ነው። ቄስ ካለ ለቄስ፣ የሹፌሩ ዘመድ ካለ ለዘመዱ፣ ሁለቱም ከሌሉ ደህና ጫማ ላደረገ ሰው ይሰጣል። በጠቅላላው መኪና ውስጥ አገር ፊት ለፊት ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሁልጊዜ አገር ማየት ለማይፈልግ ሰው ይደርሳል። የዚያን ዕለቱ ባለ ጋቢና ቀበቶውን አስሮ፣ መኪናዋ ከመናኸሪያው ሳትወጣ አንገቱን ደፍቶ እንቅልፉን ለጠጠ። መራዊ እስክንደርስ አልነቃም።

እኔ የደረሰኝ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮት ዳር ነው። መስኮት አገኘሁ ብዬ ደስ ሳይለኝ ከኋላዬ ያሉት እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ዝጋው የኔ ልጅ፤ ነፋሱ ይመታኛል።»

ዘጋሁት። በኢትዮጵያ ምድር ይህን ትእዛዝ እምቢ ብሎ በሰላም የተጓዘ ሰው አልሰማሁም። ሃያ ሰው በሚተነፍስበት፣ ቅቤ በሚቀልጥበት፣ ዶሮ በሚያስነጥስበት መኪና ውስጥ የሚፈራው ነፋስ ነው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ፀሐዩ ጠነከረባቸው፤ «እስቲ መጋረጃውን ሳበው» አሉኝ። ባለ ዘርፍ፣ ወይን ጠጅ መጋረጃ ነበር። ሳብኩት። አገር ላይ ብዬ ወጥቼ ወይን ጠጅ መጋረጃ እያየሁ ከባሕር ዳር ወጣሁ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን የታሪፉ ጉዞ አበቃና የትርፉ ተጀመረ። ረዳቱ በየመቶ ሜትሩ ያስቆማል፤ የሚገባበት ቦታ ግን የለም፤ ቢሆንም ይገባል። «ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወገን ነው፣ ጠጋ በሉ!» ሦስት ሰው ለሚቀመጥበት አራት፣ ለአራቱ አምስት። ቆጋ መስኖ ከሚያጠጣቸው ቦታዎች አንዱ ታገል ወደፊት ይባላል፤ ረዳቱ የዚያ ተወላጅ ይሁን አይሁን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ረዳቱን ይሰድባል። «እኛ ዕቃ ነን?» «ይሄ ሰውዬ እግዜርን አይፈራም?» «ለትራፊክ ነው የምንናገረው!» ይህ ሁሉ የሚባለው ግን ትራፊክ እስኪታይ ነው። ረዳቱ ከሩቅ ነጭ ኮፍያ አየና «ትርፎች ጎንበስ!» ሲል፣ ሲሰድበው የነበረው ሕዝብ በአንድ ልብ ተነስቶ ይተባበረው ጀመር። አንዱ ነጠላውን አልብሶ ሁለት ልጅ ደበቀ። ከጎኔ ያሉት አባት እግራቸው ሥር ያጎነበሰችውን የማያውቋትን ልጃገረድ ዱላቸውን አሲዘው ከጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። ከኋላ አንዲት ሰፋ ያሉ ሴት ብቻ «እኔ የከፈልኩት ልቀመጥ ነው፤ አላጎነብስም» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

ትራፊኩ አንገቱን አስገባ።

«ይህቺ ልጅ ትርፍ አይደለችም?»

«የልጅ ልጄ ናት» አሉ አባት፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

«ስሟ ማነው?»

«ስሟን እናቷ ታውቃለች። እኔ አሞኝ ነው የምሄደው።»

ትራፊኩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ያላጎነበሱትን ሴት፣ አንዴ ደግሞ ሰዓቱን አየና በእጁ አሳለፈን። መኪናዋ እንደተንቀሳቀሰች ሁሉም ወደ ቀድሞው ስድቡ ተመለሰ።

ይሄ ነገር አቀራረበን መሰለኝ፣ አባት ወደ እኔ ዞሩ።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ቆጋ።»

«ቆጋ ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም።»

ዝም አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚያሳፍር ነገር እንዳያወጡብኝ ተጠንቅቀው፣

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ብቻህን?»

«ምንም አልሆንኩ። ግድቡን ላይ ብዬ ነው።»

«ግድቡ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም አባባ።»

«ምንም ካልሆነ ምኑ ይታያል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ጥያቄው ግን ከእኛ ወንበር አልፎ ሄዷል። ነፋስ የሚመታቸው እናት «ከመስኖ የተላከ ይሆናላ፤ ሰው ዝም ብሎ ግድብ አያይም» አሉ። አንድ ስልክ የሚነካካ ወጣት «ዩቲዩበር ነው» አለ። «ካሜራው የታለ?» ተብሎ ተረታ። ያላጎነበሱት ሴት ከኋላ ሆነው፣ ጣቴ ላይ ቀለበት እንደሌለ በምን እንዳዩ እንጃ፣ «ልጅ ፍለጋ ነው። የሜጫን ልጃገረድ ሰምቶ ነው» አሉና ሳቅ ሆነ። ጉልበት ላይ የነበረችው ልጃገረድ ወደ መጋረጃው ዞረች። በመጨረሻ ረዳቱ ገንዘብ እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል ፈረደ፦

«አቮካዶ ነጋዴ ነው። ጫማውን እዩት።»

ሁሉም ጫማዬን አየ። ተራ ሸራ ጫማ ነው። ነገር ግን ፍርዱ ልክ መሰላቸው። «አይደለሁም» አልኩ። አባት ፈገግ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «ግድ የለህም፤ አስተዋይ ነጋዴ ጉዳዩን መንገድ ላይ አይናገርም።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክብሬ ከፍ አለ። ቆሎ ተዘገነልኝ፤ «በሞቴ» ተብዬ ሁለተኛ እፍኝ ጨመርኩ። መጋረጃውንም አባት ራሳቸው ገለጡት፤ «ይይ እንጂ፤ ሊገዛ የመጣ ሰው ማሳውን ማየት አለበት» ብለው። ከኋላ ማንም አልተቃወመም። ለመዝናናት የማይከፈት መስኮት ለንግድ ይከፈታል።

መሸንቲን አልፈን ነበር። በየካቲት የዚያ ሜዳ መልኩ የደረቀ ነው፦ ዳጉሳው ታጭዷል፣ ጤፉ ተወቅቷል፣ በቆሎው ተሸልቅቆ አገዳው ቆሟል፣ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ተሰማርቷል። በየቦታው ባሕር ዛፍ። አገር ጎብኚ ይህን በአንድ ቃል «ያምራል» ብሎ ያልፈዋል። የመኪናው ሕዝብ ግን እንዲህ አያልፍም። በመስኮት የሚታየው ሁሉ ባለቤት አለው፣ ታሪክ አለው፣ ጥፋት አለው። «ያ የእገሌ ማሳ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ተከለበትና መሬቱን ገደለው።» «ገደለው ትላለህ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራበት አይደል?» «ይኸ ክምር ምነው እንዲህ ጠበበ?» «ወንድማማቾቹ ተካፍለውት ነው።» ባሕር ዛፍ ይተከል አይተከል የሚለው ክርክር ብቻ ሁለት መንደር አሻገረን። አንዱ ወገን ውሃ ይመጥጣል፣ ማሳ ያጠላል፣ ጎረቤት ያጣላል ይላል፤ ሌላው ወገን ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ በሬ አይጠይቅም፣ ሲቆረጥ ጥሬ ብር ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሁለቱም ወገን ቤቱ ባሕር ዛፍ እንዳለው ኋላ ሲወራ ሰማሁ። የትኛውም አስጎብኚ እንዲህ አድርጎ አገር አያሳይም፤ እኔም ብቻዬን ጸጥ ባለ ኮንትራት መኪና ሄጄ ቢሆን ያየሁት ዛፍና ገለባ ነበር።

አባት ቆጋን ከግድቡ በፊት ያውቁታል። «ወንዝ ነበር፤ በበጋ ልጅ ይሻገረዋል» አሉኝ። ግድቡ የተሠራው ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር ነው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ውሃው ማሳ መድረስ ጀመረ። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ፣ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ ነው የተሠራው። አባት ይህን ቁጥር አይሉትም። የእሳቸው ቁጥር ሌላ ነው፦ «ዱሮ በዓመት አንዴ ነበር የምናመርተው። አሁን ዝናቡ ሲያበቃ ስንዴ፣ ከስንዴው ጎን ድንች፣ ሽንኩርት። ዓመት ሙሉ ሥራ ነው፤ ወገብ አልቀረልንም።» ምስጋና ይሁን አቤቱታ አልለየሁትም። ከዚያ ደግሞ ወደ መስኮቱ አገጫቸውን አንስተው፣ «የዋርሳዬ የግጦሽ መሬት ግን እውሃው ሥር ነው። ካሳ ተቀበለ፣ በላው፣ አለቀ። እሱን ብትጠይቀው ሌላ ነገር ይነግርሃል» አሉ።

መራዊ ወረድን። ባለ ጋቢናው ነቃና «ደረስን እንዴ?» አለ።

ከመራዊ ወደ ግድቡ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ። ጋሪ መረጥኩ፤ ጋሪ መስኮት የለውም። ባለ ጋሪው ልጅ ነው፣ ፈረሱ ሽማግሌ። ዋጋ ሳልጠይቅ ልጁ «ወደ አቮካዶው ነዋ?» አለኝ። ከመኪና ከወረድኩ አንድ ሻይ እንኳ አልጨረስኩም። መራዊ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚሰደብ ሰው ሁሉ ያን ዕለት ወሬ በምን እንደሚጓዝ ቢያይ ኖሮ ስልኩን ይሸጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ ብዬ ልናገረው፤ ያማረው እዚህ ነውና። የደረቀው ሜዳ በአንድ ቦይ ያበቃል። ከቦዩ ወዲህ ገለባ፣ ከቦዩ ወዲያ ለምለም ስንዴ፤ መሃላቸው አንድ እርምጃ ነው። አንዱ እግርህ በየካቲት ሌላው በነሐሴ ይቆማል። ዋናው ቦይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ ከእሱ እየተቀነሰ ውሃው ለ12 ክፍሎች ይታደላል፤ ኩድሚ፣ አምቦ መስክ፣ እያለ ይሄዳል። ገበሬ በሌሊት ማሳ አያጠጣም፣ ውሃው ግን በሌሊትም ይፈስሳል፤ ስለዚህ በየክፍሉ የሌሊቱን ውሃ ይዞ የሚያድር ኩሬ አለ። ንጋት ላይ ኩሬው ይከፈትና ሠራተኛው ውሃ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቦዩ ዳር ሁለት ሰዎች ቁምጣቸውን ወደ ላይ ሰብስበው እግራቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይጨቃጨቃሉ። ተራ ነው ጉዳዩ። አንዱ ሲነጋ ተራዬ ነበር ይላል፤ ሌላው ሲነጋ የት ነበርክ ይለዋል። ዶማቸውን ተደግፈው ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር በእግር ጣታቸው ጭቃውን ገፋ ገፋ አድርገው ውሃውን ወደየራሳቸው ትልም ያዞሩታል። አፍ ሲሟገት እግር ያጠጣል። የውሃ አባት የሚባል ዳኛ አላቸው፤ እሱ እስኪመጣ ማሳቸው ጠጥቶ ያድራል ብዬ ገመትኩ።

ግድቡ ላይ ወጣሁ። ውሃው ሰፊ ነው፤ ጸጥ ብሏል፤ ዳር ዳሩን ነጫጭ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር ይለቅማሉ። አንድ ልጅ መረብ ይጠግናል። ተቀመጥኩና በዝምታ ማየት ጀመርኩ። ጋሪ ነጂዬ ከጎኔ ቁጭ አለ። መረብ የሚጠግነው ልጅ መጣና ቁጭ አለ። እረኛው መጣ። ሦስቱም እኔ የማየውን አቅጣጫ ተከትለው አዩ፤ ምንም አልነበረም። እኔን ማየት ጀመሩ።

እንዲህ ሲሆን አገር ላስስ ያሉትን የጥንት ሰዎች አስባለሁ። የቆጋ ወንዝ ወርዶ ግልገል አባይን ይቀላቀላል፤ ግልገል አባይ ምንጩ ሰከላ፣ ግሽ ነው። ያን ምንጭ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1618 አየው፤ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ነበር የሄደ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 መጣ፣ የፓኤዝን አልቀበልም አለ፣ በኮኮናት ቅል ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ። ስትራቴስ የሚባል ግሪካዊ ባልንጀራውንም አብረህ ካልጠጣህ ብሎ ወጠረው። መጽሐፉ ላይ ሲነበብ በዓለም ላይ ብቻውን የቆመ ሰው ይመስላል። ብቻውን አልነበረም፤ በጎጃም ብቻውን ምንጭ ያየ ሰው የለም። የሰከላ እረኞች ዙሪያውን ቁጭ ብለው «ይኸ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ለውሃ ውሃ የሚያጠጣው?» እንዳሉ አንዳች ጥርጥር የለኝም። ያን ግን የጻፈላቸው አልነበረም።

እዚሁ ላይ የቀናሁት በውሃው ነበር። ከቆጋ ይነሳል፣ ግልገል አባይ ይገባል፣ ጣና ይገባል፣ ባሕር ዳር ላይ ድልድዩ ሥር ብቅ ብሎ ጢስ አባይን አልፎ ይሄዳል። ትርፍ የለበት፣ መናኸሪያ የለበት፣ ወዴት ነህ ባይ የለበት ልል ስል ትዝ አለኝ። እሱማ ከማንም በላይ ነው የሚጠየቀው። ወዴት ነህ፣ ስንት ነህ፣ ማን ፈቀደልህ እያሉ ሦስት አገሮች በየሆቴሉ ስንት ዓመት ተሰበሰቡበት።

ሲመሻሽ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ሚኒባስ አልነበረም። የመጨረሻዋ ሄዳለች፤ የምትቀጥለው የነገ ናት። ይህ ለእኔ እንጂ ለአካባቢው ሰው ችግር አልነበረም። የት እንደማድር በእኔ ፊት፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ ይከራከሩ ጀመር። አንዱ «እኔ ቤት ነው፤ አልጋ አለኝ» ሲል ሌላው «አንተ ቤት ትኋን አለ፤ ሰው አናስበላ» አለው። ነገሩ ወደ ፀብ ሳይደርስ የአቮካዶ ጭነት የያዘች አይሱዙ ከእርሻው መንገድ ብቅ አለች። ከዚሁ አካባቢ አቮካዶ አውሮፓ ድረስ ይላካል፤ አውሮፓ የማይሄደው፣ መጠኑ ያነሰው ወይም ፊቱ የተጫረው፣ ባሕር ዳር ጁስ ቤት ይሄዳል። ይህች የጁስ ቤት ጭነት ነበረች።

ባለ አቮካዶው ወረደና ጨበጠኝ።

«ቀኑን ሙሉ ስጠብቅህ» አለኝ። «ሚኒባስ ላይ ነጋዴ መጣ ሲባል ሰምቼ ለሌላ ሰው ሳልሰጥ ነው ያቆየሁልህ።»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ዙሪያዬን የቆመው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ጋሪ ነጂው፣ መረብ ጠጋኙ፣ እረኛው፣ አልጋ ያለው፣ ትኋን አለው የተባለው። ቀኑን ሙሉ ያለ ጉዳይ መዋሌን አሁን ብናገር የማዋርደው ራሴን ብቻ አይደለም፤ እነሱንም ነው።

«ዋጋህ ስንት ነው?» አልኩት።

ነገረኝ። «ኧረ ተወኝ!» አልኩና ጀርባዬን ሰጠሁት፤ እንደዚያ ሲደረግ አይቻለሁ። ሕዝቡ ተደሰተ። አምስት ብር ቀነሰ። ደረቴን ነፍቼ አንድ አቮካዶ አነሳሁና አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ፣ «ገና ጥሬ ነው» አልኩ። ሌላ ሦስት ብር ቀነሰ። ጋሪ ነጂው በጆሮዬ «ዝም በል፤ ገና ይቀንሳል» አለኝ፤ ዝም አልኩ፤ ቀነሰ። በመጨረሻ ተጨባበጥን። ከዚያም ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀኝ፦

«ስንት ኩንታል?»

«ለ … ለናሙና አንድ ጆንያ።»

ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ነገር ግን «ለናሙና» የሚለው ቃል አባበለው። ሹፌሩ ጋቢናውን ከፈተልኝ። «ነጋዴ ጭነት ላይ አይወጣም፤ ግባ» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መንገድ ጋቢና ተቀመጥኩ፤ የውጪው ጨለማ ከፊቴ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ሹፌሩ የአቮካዶን ገበያ መሸንቲ ድረስ አስረዳኝ፤ ከመሸንቲ በኋላ ባሕር ዳር ላይ ደህና ጁስ ቤት ለመክፈት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ሚስቱ ሱቅ መክፈት ትፈልጋለች። ሁሉም አልገባኝም፤ ግን አዎን አልኩ።

አስፋልቱ ዳር አወረደኝ። ጆንያውን እየጎተትኩ ባጃጅ ጠራሁ። ባለ ባጃጁ ዋጋውን ሲነግረኝ እጥፍ ሆነብኝ።

«ለምንድነው ሁለት ሰው?»

ወደ ጆንያው አገጩን አነሳ።

«አንተና ጓደኛህ።»